ለግቤ ዳርም ለባሕር መድረክም፦ ቀላል የዓሣ ማጥመጃ ስንመርጥ

ከጅማ እስከ ጅቡቲ ባሕር በመኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቢሆንም ስለ ባሕር ማጥመጃ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጅቡቲ ላይ ጭነቱ እስኪደርሰው መቀመጡ አይቀርም፤ ሥራ ፈትቶ ከመዋል ክር መጣል ይሻለዋል። ሌላው ጅዳ ወይም ዱባይ እህት አለችው። "ምን ላምጣልህ?" ስትለው "የዓሣ ማጥመጃ" ይላል። "የትኛውን?" ስትለው ዝም ነው። ሦስተኛው የኛው ቢጤ ነው፤ ቅዳሜ በጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዞ ወደ ግልገል ግቤ ግድብ የሚወርድ።

የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ አንድ ዕቃ ገዝቼ ለግቤም ለባሕርም ይሆነኛል ወይ? መልሴ "ይሆናል፣ ግን አንዱ ዓይነት ብቻ" ነው። ሌላም አለ። ባሕር የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰው እሱን ዕቃ ባይገዛ እመርጣለሁ። ለግቤ ዳር ከዚያ የረከሰ፣ ከዚያም የተሻለ አለ።

ቀላል ስንል

ቀላል ማጥመጃ የምለው ከ2 እስከ 6 ኪሎ የሚችል ክር፣ ከ5 እስከ 30 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ እና ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ ቢያዝ የማያደክም ዘንግ ነው። ከዚህ የከበደ ዕቃ ለእኛ ውሃ አያስፈልግም። ከዳር የምናገኘው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ብዙውን ጊዜ ከሳህን አይተርፍም። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ጠንከር ይላል፣ ይጎትታል፤ ቢሆንም 4 ኪሎ የሚችል ክር በትዕግሥት ከያዙት ይበቃዋል። ወፍራም ዘንግ ላይ ቆሮሶ ሲነካ አይታወቅም። መንጠቆውን ባዶ አድርጎት ሄዶ እናንተ ገና ትጠብቃላችሁ።

ዕቃ ሲመረጥ ብዙ ሰው ከሪሉ ይጀምራል። የሚያብረቀርቀው፣ የሚሽከረከረው እሱ ነዋ! እኔ ከታች ወደ ላይ እንድትመርጡ ነው የምለው። መጀመሪያ የምትፈልጉት ዓሣ፣ ከዚያ መንጠቆው፣ ከዚያ ክሩ፣ ከዚያ ዘንጉ፣ መጨረሻ ላይ ሪሉ። ዓሣውን የሚነካው መንጠቆና ክር ነው። ሪል ክር ማጠራቀሚያ ነው፤ ጥሩ ፍሬን ካለው ሌላው ጌጥ ነው።

አራቱ አማራጮች

የእጅ ክር የሚባለው ዘንግም ሪልም የለውም። ናይለን ክር በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ይጠቀለላል፤ ጫፉ ላይ እርሳስና መንጠቆ ይታሰራል፤ አለቀ። ርካሽ ስለሆነ የሚንቀው ብዙ ነው፣ ግን ከባሕር መድረክ (ውሃው ላይ በምሰሶ ከተዘረጋው መቆሚያ) ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ለሚጣል ክር ይህን የሚያክል የለም። ዓሣው ከመድረኩ ምሰሶ ሥር ነው ያለው፤ ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። ክሩም ጣት ላይ ስለሚያርፍ ንክሻው እንደ ኤሌክትሪክ ይሰማል። ሾፌሩ ወዳጄ ኪሱ ውስጥ ከቶት ይሄዳል። ችግሩ ሁለት ነው። ትልቅ ዓሣ ከያዘ ቀጭን ክር ጣት ይቆርጣል፤ የሥራ ጓንት ወይም ቢያንስ ጨርቅ ያስፈልጋል። ግቤ ዳር ደግሞ ውሃው ከዳር ሲሸሽ የእጅ ክር አይደርስም።

ቀጥሎ ቀርከሃ አለ። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን፣ የደረቀ፣ ጫፉ የሚተጣጠፍ ቀርከሃ፤ ጫፉ ላይ በዘንጉ ልክ የተቆረጠ ክር፤ ትንሽ ቡሽ፤ ትንሽ መንጠቆ። ሸምበቆም ይሆናል፣ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ሪል ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለውም። ዓሣው ሲነክስ ማንሳት ብቻ ነው። ቆሮሶ ዳር ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃና በሣር መሃል መዋል ስለሚወድ ቀርከሃ ትክክለኛ ቦታው ላይ በጸጥታ ያወርድላችኋል። ሪል ያለው ሰው ከጎናችሁ ቆሞ ከቆሮሶው በላይ አሳልፎ ሲወረውር ታዩታላችሁ።

ብዙ ጊዜ ወደ ግቤ ዳር ብቻ የምትሄዱ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። አልቀልድም። ከርካሽ ዘንግና ሪል ስብስብ ጥሩ ቀርከሃ ይበልጣል። በርካሹ ስብስብ ውስጥ ያለው ክር ጠምዛዛ ነው፣ ሪሉ ይንቀጫቀጫል፣ መንጠቆው ደግሞ ለቆሮሶ አፍ በጣም ትልቅ ነው።

ሦስተኛው ተጣጣፊ ዘንግ ነው፤ እንደ አሮጌ ራዲዮ አንቴና አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ባጃጅ ላይ አያስቸግርም፣ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ከወንበር ጀርባ ይቀመጣል። የሚማርከውም ለዚህ ነው። ግን መገጣጠሚያው ብዙ ነው፤ በየመገጣጠሚያው አሸዋ ይገባል፣ ጨው ይደርቃል፣ አንድ ቀን አልዘጋም ወይም አልከፈት ይላል። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በመገጣጠሚያዎቹ ጫፍ ብቻ ስለሚሆኑ ዘንጉ በሙሉ እኩል አይተጣጠፍም። ንክሻም ያደነዝዛል። ቦታ ለጠበበው ሰው እሺ እላለሁ። ቦታ እያለው የሚገዛውን ሰው ግን አልረዳውም።

አራተኛው ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ክፍት ሪል ከሥሩ የሚንጠለጠልበት የመወርወሪያ ዘንግ ነው። መጀመሪያ "አንዱ ዓይነት ብቻ" ያልኩት ይኸው ነው። ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ የመወርወር አቅሙ ከ10 እስከ 30 ግራም። 2.1 ሜትሩ ለጀልባና ለጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ከዳር ሆኖ ግን ያጥራል። 2.7 ሜትሩ ሩቅ ይወረውራል፣ ከመድረክ ጠርዝም ክሩን አርቆ ይይዛል፣ ግን ክንድ ያደክማል። ጫፉም ለቆሮሶ ትንሽ ይደነዝዛል። ሁለቱን የሚያስታርቀው 2.4ቱ ነው። ዘንጉ ላይ እጀታው አጠገብ "10–30" ተብሎ በግራም ይጻፋል፤ የሻጩን ወሬ ትታችሁ ያን ቁጥር አንብቡ። "50–100" የሚል ካያችሁ፣ ቢያምርም መልሱት። እሱ ለሌላ ሥራ ነው።

ዕቃው በአውሮፕላን በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ባለ አራት ቁራጭ እንዲገዛላችሁ ንገሩ። 2.4 ሜትሩ ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 60 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል፤ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ይገባል። ባለ ሁለት ቁራጩ 1.2 ሜትር ስለሆነ ለብቻው መታሸግ አለበት። እህታችሁም ኤርፖርት ላይ ታማርራለች። ጅማ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ አንድ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝታችሁ ዘንጉን እዚያ ውስጥ ክተቱት። ሚኒባስ ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያና የቡና ኬሻ ሲጫንበት ያኔ ታመሰግኑኛላችሁ።

ዘንጉ ፋይበር ግላስ ይሁን ካርቦን? ፋይበር ግላስ ይከብዳል፣ ግን ወድቆም ተረግጦም ይኖራል። ካርቦን ይቀላል፣ ንክሻ ያሳውቃል፣ ግን ድንጋይ ላይ ከተመታ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይሰበራል። ለጀማሪና ለልጅ ፋይበር ግላስ፣ እጁ ለለመደ ሰው ካርቦን። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በግድቡ አካባቢ የከፍተኛ ኃይል መስመር አለ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጅማ መብረቅ ይታወቃል። መስመር ሥር ዘንግ አትዘርጉ። ሲያጉረመርም ዘንጉን አስቀምጣችሁ ከውሃው ራቁ።

ናይለን ወይስ ጉንጉን ክር

ክርክር የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እቆያለሁ።

ናይለን አንድ ወጥ ክር ነው። ይለጠጣል፣ ይረክሳል፣ ለማሰር ቀላል ነው። መለጠጡ አንዳንዴ ጥቅም ነው። ዓሣው ድንገት ሲፈተለክ ክሩ እንደ ጎማ ይቀበለዋል፣ መንጠቆውም የቆሮሶን ስስ አፍ አይቀድም። ጉዳቱ ሩቅ ላይ ነው። 30 ሜትር ርቀት ላይ ዓሣ ሲነክስ የክሩ መለጠጥ ንክሻውን ይውጠዋል። ፀሐይም ያደርቀዋል። ሪሉ ላይ ከከረመ የጠመዝማዛ ልማድ ይይዛል፣ ሲወረወር እየተጠቀለለ ይዘላል። በዓመት አንዴ መቀየር ነው።

ጉንጉን ክር ደግሞ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው። በአንድ ዓይነት ጥንካሬ ከናይለን በጣም ይቀጥናል። 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጉንጉን ከ0.30 ናይለን በጥንካሬ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ስለዚህ ይርቃል፣ ነፋስም ብዙ አይጎትተውም። አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ንክሻው ጥርት ብሎ እጅ ላይ ይደርሳል። ግን ይታያል፣ ይወደዳል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል። ከሁሉም በላይ ድንጋይና የባሕር ዛጎል ላይ ሲፋቅ ወዲያው ይበጠሳል። የመድረክ ምሰሶ ደግሞ በዛጎል የተሸፈነ ነው፤ እንደ መጋዝ በሉት።

የኔ ምርጫ ይኸውና። ለቀርከሃና ለእጅ ክር ናይለን ብቻ። ለግቤ 0.20 ወይም 0.25፣ ለባሕር የእጅ ክር 0.40 እና ከዚያ በላይ፤ የሚያስፈልገው ለጥንካሬው ሳይሆን ለጣታችሁ ነው። ለመወርወሪያ ዘንግ ግን ጉንጉን ክር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሜትር የሚሆን ወፈር ያለ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር። ይህን የጫፍ ክር የሚዘልል ሰው ባሕር ላይ መንጠቆ እየገዛ ይኖራል። ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ ከናይለን ያነሰ ይታያል፣ መፋቅንም ይቋቋማል፤ ግን ይወደዳል። ለግቤ ድፍርስ ውሃ ገንዘብ ማባከን ነው። ጥርት ላለው የቀይ ባሕር ውሃ ግን ዋጋ አለው።

ከዓረብ አገር የሚመጣ ክር ላይ ጥንካሬው በፓውንድ ይጻፋል። 10 ፓውንድ ወደ 4.5 ኪሎ ነው፤ 15 ፓውንድ 6.8 ኪሎ ግድም። ጉንጉን ክር ላይ ደግሞ "ፒኢ" (PE) የሚል የውፍረት ቁጥር ታያላችሁ። ፒኢ 1 ማለት ውፍረቱ 0.165 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ለሁለቱም ውሃ ከ0.8 እስከ 1 ያለው ይበቃል። ሻጩ ፒኢ 3 ቢያሞግስላችሁ አትስሙት፤ ሪሉን ይሞላዋል እንጂ አይጠቅማችሁም።

ጉንጉን ክር በባዶ ሪል ላይ በቀጥታ ከተጠቀለለ ይንሸራተታል። ፍሬኑ ቢጠብቅም ክሩ በሙሉ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ሰው ደግሞ "ሪሉ ተበላሸ" ይላል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይለን፣ ከዚያ ጉንጉኑ። ከአፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው አቁሙ።

ሪል

በዚህ ላይ አላስረዝምም። ክፍት ሪሎች ላይ 1000፣ 2500፣ 3000፣ 4000 የሚል ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሪሉ ይገዝፋል። ለግቤ ብቻ 2500፣ ለሁለቱም 3000። 4000 ለ2.4 ሜትር ዘንግ ይከብዳል። የአንዱ ድርጅት 3000 ከሌላው 3000 ጋር ቁርጥ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያዙት። "12 ኩሽኔታ" የሚል ማስታወቂያ አያጓጓችሁ። ብዙ ኩሽኔታ ያለው ርካሽ ሪል ጥቂት ግን ጥሩ ኩሽኔታ ካለው ያንሳል፤ ባሕር ላይ መጀመሪያ የሚዝገውም እሱ ነው። እጀታውን አዙራችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ተዉት።

ፍሬኑ ግን ዋናው ነው። ዓሣው ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት እየለቀቀ የሚሰጠው እሱ ነው። ከክሩ ጥንካሬ ሲሶ ወይም ሩብ ላይ ይስተካከላል። 4.5 ወይም 5 ኪሎ ለሚችል ክር ይህ ወደ አንድ ተኩል ኪሎ ይጠጋል። ሚዛን የለኝም ካላችሁ አንድ ተኩል ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ውሰዱ፤ እሱ ራሱ አንድ ተኩል ኪሎ ነው። ክሩን ከሪሉ በቀጥታ አውጥታችሁ እሰሩበት፣ ሪሉን ይዛችሁ አንሱ። ጠርሙሱ ከመሬት ሲነሳ ፍሬኑ ክር መልቀቅ ከጀመረ ልክ ነው።

መንጠቆና ማባበያ፣ በየወቅቱ

የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል። 12 ከ8 ያንሳል፣ 8 ከ4 ያንሳል፣ እስከ 1 ድረስ እንዲህ ይወርዳል። ከዚያ 1/0፣ 2/0 እያለ ወደ ትልቅ ይሄዳል። ለቆሮሶ ከ8 እስከ 12፣ ለቢልጫ ከ4 እስከ 8፣ ከባሕር መድረክ ከ4 እስከ 1/0። ከተጠራጠራችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትልቅ ዓሣ ትንሽ መንጠቆ ይውጣል፤ ትንሽ ዓሣ ግን ትልቁን አይችልም።

አሁን ግቤ። ግልገል ግቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ውሃው የኤሌክትሪክ ውሃ ስለሆነ ዳሩ አንድ ቦታ አይቆምም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ያኔ ቆሮሶው እግራችሁ ሥር ነው፤ ቀርከሃና ትል ይበቃል። በጋው ሲገፋ ግን ውሃው ይሸሻል፣ ከፊት ለፊታችሁ ሰፊ ጭቃ ይዘረጋል። ጭቃው ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ሲረገጥ እስከ ጉልበት ያሰምጣል። በዚያ ወቅት መወርወሪያ ዘንግ ያለው ሰው ከደረቁ ላይ ቆሞ ይደርሳል፣ ባለ ቀርከሃው ቆሞ ያያል። ስለዚህ "ቀርከሃ ወይስ ሪል" የሚለውን የምትወስኑት በኪሳችሁ ብቻ አይደለም፤ በየትኛው ወር እንደምትሄዱም ነው። እኔ ሁለቱንም ቤት አስቀምጫለሁ። ቀርከሃው ምንም አይፈጅም።

ትል ወይስ ሰው ሠራሽ ማባበያ? በክረምት ጎርፍ አፈር ይዞ ስለሚገባ ውሃው እንደ ቡና በወተት ይሆናል። በዚያ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብረት ማንም አያየውም፤ ሽታ ያለው ትል ግን ይገኛል። ትሉ ከቡና ጥላ ሥር፣ ከእንሰት ጓሮ እርጥብ አፈር በነጻ ነው። ሊጥም ለቆሮሶ ይሠራል፤ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ለውሱት፣ አለበለዚያ ሲወረወር ይበተናል። ውሃው በጠራ ጊዜ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ግራም የምትመዝን ትንሽ የብረት ማንኪያ ወይም ሽክርክሪት ለቢልጫ ሞክሩ። ቢልጫ ትንንሽ ዓሣም ስለሚበላ ያሳድዳል። ቆሮሶ ግን ዋና ምግቡ የውሃ አረንጓዴ (አልጌ) ነው፤ በብረት ማንኪያ አይታለልም። ቆሮሶ ፈልጎ ሙሉ ቀን ብረት የሚወረውር ሰው ክንዱን ነው የሚያሠለጥነው።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተን እንደ አማራጭ የሚያነሱ አሉ። አማራጭ አይደለም። ትንሹንም ትልቁንም ያፈዛል፣ ወንዙን ባዶ ያደርጋል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ስለ ፈቃድና ስለ ተከለከለው ነገር የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከግድቡ ግንብና ከውሃ መግቢያው አካባቢም ራቁ። የአካባቢው አጥማጆች መረብ የተጣለበትን ቦታ በተንሳፋፊው ታውቁታላችሁ፤ እዚያ መወርወር ጠብ መፈለግ ነው።

ጉማሬ አለ። ግቤም አለ፣ ከተማው አጠገብ ቦዬም አለ። ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ ከምሽቱ በፊት ተነሱ። ወባም አለ፣ ትንኟም የምትወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ግቤ ላይ "ትንሽ ልቆይ" የምትለዋ ሰዓት ጥሩ አይደለችም።

ባሕር መድረክ ላይ የሚለወጠው

ጅቡቲም ሆነ ጅዳ የምትሄዱ፣ የመጀመሪያው ነገር የት እንደሚፈቀድ መጠየቅ ነው። የጭነት ወደብ መድረክ ላይ ክር ይዞ መቆም ከጥበቃ ጋር ያጣላል። ለሰው ክፍት የሆነ መድረክ ወይም የድንጋይ ዳር ፈልጉ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ግቤ ላይ ዓሣውን ወደ ዳር ጎትታችሁ ታወጣላችሁ። መድረክ ላይ ግን ከውሃው ሁለትና ሦስት ሜትር በላይ ትቆማላችሁ። ውሃ ውስጥ የቀለለው ዓሣ አየር ላይ ሲወጣ ሙሉ ክብደቱን ያመጣል። 5 ኪሎ የሚችል ክር 3 ኪሎ ዓሣ እየተወራጨ ሲንጠለጠልበት ይበጠሳል፣ ካልሆነም ዘንጉ ጫፉ ላይ ይቀነጠሳል። መፍትሔው በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ ነው፤ ዓሣው ሲደክም መረቡ ከሥሩ ገብቶ በገመዱ ይነሳል። ቀላል ዕቃ ይዞ ያለ መረብ መድረክ ላይ መውጣት አልመክርም። የመረቡን ዋጋ ለማትረፍ ከባድ ዘንግ የሚገዙ አሉ፤ ግን ከባዱ ዘንግ ከመረቡ ይወደዳል፣ ደስታውም ይቀንሳል።

ሦስተኛው የውሃው መውጣትና መውረድ ነው። የባሕር ውሃ በአብዛኛው ቦታ በየስድስት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ በየስድስት ሰዓት ይጎድላል። ዓሣ የሚበላው ውሃው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ጸጥ ሲል ሻይ ጠጡ። ውሃው ሲሮጥ 10 ግራም እርሳስ ከታች አይቆይም፤ 20 ወይም 30 ያስፈልጋል። ዘንጉን ከ10 እስከ 30 ያልኩት ለዚህ ነው።

ማባበያው ሽሪምፕ፣ የስኩዊድ ቁራጭ ወይም የሰርዲን ሥጋ ነው። ከመድረክ ምሰሶው ሥር ዓረቦች ሐሙር የሚሉት ዓይነትና ስናፐር ይደበቃል፤ ከነከሰ ወዲያው ወደ ምሰሶው ስለሚሮጥ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወሳኝ ናቸው። ክፍት ውሃ ላይ ጃክና ባራኩዳ ይሮጣሉ፤ ለነሱ 15 ወይም 20 ግራም የብረት ማባበያ ፈጥኖ መጎተት ነው። ባራኩዳ ጥርሱ ምላጭ ስለሆነ አጭር የሽቦ ጫፍ ጨምሩ። ማታ መድረኩ ላይ መብራት ካለ ትንንሽ ዓሣና ስኩዊድ ከብርሃኑ ሥር ይሰበሰባሉ። ያኔ በላባ የተሸፈኑ ብዙ ትንንሽ መንጠቆዎች ያሉት አንድ ክር ታወርዳላችሁ፤ የያዛችሁትን ራሱን ማባበያ ታደርጋላችሁ።

ግቤ ላይ የያዛችሁትን ሁሉ በእጅ መንካት ለምዳችኋል። ባሕር ላይ ይህን ልማድ ተዉት። ቀይ ባሕር ውስጥ እሾኹ መርዛም የሆነ ዓሣ አለ፤ ድንጋይ የሚመስለውና ባለ ረጃጅም ክንፉ ዥንጉርጉር ዓሣ የታወቁት ናቸው። የማታውቁትን በጨርቅና በፒንሳ ያዙ። ከወጋችሁ ቁስሉን የማያቃጥል ግን ሞቃት ውሃ ውስጥ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ንከሩና ሐኪም ቤት ሂዱ። ሆዱን እንደ ፊኛ የሚነፋውን ዓሣ ደግሞ በምንም መንገድ አትብሉ፤ መርዙ ሲበስል አይጠፋም።

ከጨው በኋላ

የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ በኪሎ 35 ግራም ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር 40 ገደማ ይደርሳል። ግቤ ላይ ዓመታት የሚቆይ ሪል እዚያ ካልታጠበ በሳምንት ነክሶ አልዞርም ይላል። በተመለሳችሁበት ምሽት የሪሉን ፍሬን አጥብቁት፤ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከዚያ በዝግታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ አጥቡ። በኃይለኛ ውሃ ከመታችሁት ጨውን ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። የዘንጉን ቀለበቶች አንድ በአንድ በጨርቅ ጥረጉ፤ የተሰነጠቀ ቀለበት ጉንጉን ክሩን ስለሚበላ በጥጥ ፈትሹት፣ ጥጡ ከያዘ ተሰንጥቋል። ሲደርቅ ፍሬኑን አላልታችሁ አስቀምጡ፤ ጠብቆ ከከረመ ውስጡ ያሉት ክብ ጨርቆች ይጣበቃሉ። ተጣጣፊ ዘንግ የገዛችሁ ደግሞ የታችኛውን ክዳን ፍቱና ቁራጮቹን አውጥታችሁ ለየብቻ አጥቡ። ያገለገሉ የባሕር መንጠቆዎችን ከአዲሶቹ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ፤ አንዱ ዝገት ሁሉንም ያዳርሳል።